በሺያህ ሰገነት ላይ የተቆጠረ ጥላ

ሸዋረገድ ገብረ መድኅን ልብስ ስትሰፋ ጀርባዋን ለሰው ትሰጣለች። እጅጌ ስታስገባ ወይም ጠርዝ ስትመታ እንደማንኛውም ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣ እየተጨዋወተች ነው፤ ኮሌታ ላይ ስትደርስ ግን ወንበሯን አዙራ ወደ ግድግዳው ትቀመጣለች። ካፖርቴን ላስጠብብ፣ የሱሪዬን ወገብ ላስጠግን በሄድኩ ቁጥር ይህን እያየሁ የባለሙያ ጠባይ ነው ብዬ አልፈው ነበር። የነገሩ ሥር የገባኝ ዘግይቶ፣ ያውም አምስት ፎቅ በእግሬ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ወደ ቤይሩት የመጣችው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። አባቷ ቢቸና አጠገብ ባለች የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። አውሮፕላኑ ላይ ከጎኗ የተቀመጠችው የጉለሌ ልጅ መስታወት ትባላለች። ሁለቱም የወንበር ቀበቶ ማሰር አያውቁም ነበርና አንዷ የሌላዋን አሰረችላት ይላሉ፤ ማን ለማን እንዳሰረች ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ሸዋረገድ ጃል ኤል ዲብ በሚባል ሰፈር የቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። ማዳሟ በወጣትነቷ የሙሽራ ልብስ ትሰፋ የነበረች ኮስታራ ሴት ነበረች፤ ዓይኗ ሲደክም መቀሱንም የስፌት መኪናውንም ለሸዋረገድ አስረከበቻት። መስታወት ደግሞ የአንዲት ባለጸጋ አሮጊት አስታማሚ ሆና ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በራውሼ የባሕር ዳርቻ ተሽከርካሪ ወንበር ገፋች። ኋላ ሁለቱም ከአሠሪዎቻቸው ቤት ወጡ፤ የመኖሪያ ወረቀታቸውም እንደ ብዙዎቹ ጊዜው አልፎ ተቃጠለ። ሺያህ በሚባለው የቤይሩት ሰፈር፣ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አናት ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ክፍሎች ተከራዩ። ቀን ቀን በየሰው ቤት በሰዓት እየተቀጠሩ ያጸዳሉ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሰፋሉ። ስፌቱን ለመስታወት ያስተማረቻት ሸዋረገድ ናት። ይህን በሰፈሩ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ካለም ሸዋረገድ ትነግረዋለች።

ቅናት ከየት ይጀምራል የሚለውን ጥያቄ በወጣትነቴ በመጽሐፍ ፈልጌው ነበር። ለትምህርት እዚህ አገር መጥቼ፣ አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ ሳልመለስ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ለማንበብ ጊዜ አላጣሁም። አሁን ሳስበው ቅናት ከግድግዳ የሚጀምር ይመስለኛል። በሁለቱ ሴቶች ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ የአንድ ብሎኬት ውፍረት ብቻ ነው።

የመንግሥት መብራት በቀን ለአንድ ሰዓት ብልጭ ብሎ መጥፋት ሲጀምር፣ ኢሽቲራክ የሚሉት የሰፈሩ ጄኔሬተርም ሰዓቱ እየተሸራረፈ ሲሄድ፣ ሁለቱም እኩል ጨለማ ውስጥ ነበሩ። እኩል በነበሩ ጊዜ ተዋደው ኖሩ። አንድ ቀን ግን የራውሼዋ አሮጊት የልጅ ልጅ የቤቱን ሶላር በትልቅ ሲለውጥ፣ ሁለት ያገለገሉ ሰሌዳዎች፣ አንድ ኢንቨርተርና አንድ ባትሪ ለመስታወት ሰጣት፤ ለአያቱ ስለዋለችው ውለታ ነው ብሎ። መስታወትም ሰሌዳዎቹን በሰገነቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከልብስ ማስጫ ገመዶቹ አጠገብ አስተከለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ሰዓት ሲሆን የመስታወት መኪና ድምፅ በብሎኬቱ በኩል ይሰማ ጀመር። ሸዋረገድ የኢሽቲራኩን ሰዓት እየጠበቀች፣ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

"ምን እየሰፋች እንደሆነ በድምፁ አውቃለሁ ጋሼ" አለችኝ አንድ ቀን። "ሳያቋርጥ ከሮጠ መጋረጃ ነው። ቆም ቆም ካለ ቀሚስ ነው። ቀሚስ ከሆነ ደግሞ የኔ ደንበኛ ናት።"

መስታወት በገንዘቧ ገዝታው ቢሆን ኖሮ ለሸዋረገድ የሚቀልላት ይመስለኛል። የሚያንገበግባት መሰጠቱ ነበር። ለእሷም ማዳሟ መኪና ሰጥታት እንደነበር ሳስታውሳት፣ "እሱ እኮ የልፋቴ ነው" አለች። ዐሥራ አንድ ዓመት ወንበር መግፋትስ የምን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። የቀና ሰው በሚዛን አይከራከርም፤ ሚዛኑን የያዘው እሱ ነውና።

አማርኛችን ቅናትንና ምቀኝነትን ይለያቸዋል። ቀናተኛ ሌላው ያለው ነገር ለእሱም እንዲኖረው ይመኛል፤ ምቀኛ ደግሞ ሌላው እንዳይኖረው። በዚያን ጊዜ ሸዋረገድ ገና ቀናተኛ ብቻ ነበረች። የአንገት ሐብሏን ሸጣ ሶላር ለማስገባት ቆረጠች።

ሠራተኛው ዩሱፍ የሚባል የሰፈሩ ልጅ ነው። በዚያ ሰሞን ትናንት ዲሽ ይሰቅል የነበረ ሁሉ የፀሐይ መሐንዲስ ሆኖ ነበር፤ ዩሱፍም ከእነሱ አንዱ ነው። ሙያው አይናቅም፣ ችኮላው ግን ልክ የለውም፤ በየሕንፃው ሰው ይጠብቀዋል። ወረቀት አውጥቶ ምን ምን ማስነሳት እንደምትፈልግ ጠየቃት። ይህ የዕቅዱ መጀመሪያ ነው፤ ሰው የሚያስነሳውን ዕቃ ሳይቆጥር ሰሌዳና ባትሪ አይገዛም። ሸዋረገድ የመለሰችለትን ራሱ ዩሱፍ እየሳቀ ነገረኝ፤ "ጎረቤቴ የምታስነሳውን ሁሉ፣ በዚያ ላይ አንድ።"

"አንዱ ምን ይሁን?" አላት።

"እሱን ኋላ አስብበታለሁ" አለች።

እናም መስታወት ሁለት ሰሌዳ ስላላት ሸዋረገድ ሦስት ገዛች። ባትሪውም የመስታወት ዓይነት አሮጌ ሳይሆን አዲስ ነው። ኢንቨርተሩን በዚያች የብሎኬት ግድግዳ ላይ ልክ የመስታወት አልጋ በሚገኝበት በኩል አሰቀለችው፤ ማራገቢያው ሲዞር እንዲሰማት።

የቀረው ቦታ መምረጥ ነበር። የሕንፃው ባለቤት ሐጂ፣ የሌላ ተከራይ መተላለፊያ እስካልዘጋችሁ የትም ትከሉ ብለዋቸዋል። ሰገነቱ በደቡብ በኩል የሕንፃው ሁሉ የውኃ ታንከሮች በሲሚንቶ መደብ ላይ ተደርድረውበታል፤ ቁመታቸው ከነመደቡ ሁለት ሰው ያህላል። ከታንከሮቹ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ባዶ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ማዶ የመስታወት ሰሌዳዎች፣ የማስጫ ገመዶቹ፣ ከዚያም የሰገነቱ ግንብ ነው። ሸዋረገድ የፈለገችው ባዶውን ሜዳ ነው፤ ለክፍሏ ቅርብ ነው፣ ገመዱ አያጥርም፣ ሰፊም ነው። አንድ ነገር ብቻ ማረጋገጥ ነበረባት፤ የታንከሮቹ ጥላ ምን ድረስ እንደሚደርስ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁበት።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከጸሎት መጽሐፏ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሰዓት ባልነበረበት ደብር ካህናቱ የጾም ቅዳሴ የሚገባበትን ጊዜ የሚያውቁት ጥላ በመቁጠር ነበር፤ ሰውየው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይቆማል፣ የጥላው ራስ የት እንደደረሰ ምልክት ይደረግና ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኘ በገዛ ጫማው ይለካዋል። መሪጌታ ገብረ መድኅን የየወሩን የቀትር ጥላ ቁጥር ጽፈው አስቀምጠዋል። ሰኔ አንድ ጫማ ተኩል። ታኅሣሥ አራት ጫማ ተኩል፤ ከዚያ የሚረዝም የለም።

"አባዬ እኮ አንድ ቀን አልተሳሳተም" አለች። "እነዚህ ልጆች በግምት ነው የሚተክሉት። እኔ በቁጥር ነው የምተክለው።"

ልንፈትነው ተስማማን። ሥራ በሌላት አንድ ቀን ቀትር ላይ ከእኔ ቤት በራፍ፣ አስፋልቱ ላይ ቆመች፤ እኔ በኖራ ምልክት አደረግሁ፤ ጫማዋን አውልቃ ቆጠረች። አንድ ጫማ ከሩብ ሆነ። ሩቧን ለአባቷና ለእሷ እግር ልዩነት ሰጠናት። ወረቀቱ እውነት ነው አልን። የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም፤ አንድ የገጠር መሪጌታ ሺያህ ድረስ መጥቶ ሲመሰክር ያየሁ መሰለኝ። ሰኔ ከገጠመ ታኅሣሥም ይገጥማል ብዬ ነገርኳት። ታንከሩ ሁለት ቁመት ስለሆነ የታኅሣሡ ጥላ ዘጠኝ ጫማ ይመጣል፤ አንድ ጨምራ በአሥረኛው ላይ ኖራዋን አሰመረች። ዩሱፍም መስመሩን ሲያይ ሳይጠይቅ ብረቱን እዚያው ላይ በብሎን አሰረ።

መስታወት ይህን ስታይ አንድ ነገር ተናግራለች። ሐምሌ ላይ፣ የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ፣ የታጠበ ልብስ ይዛ እያለፈች፣ "እዚያ ጋ በብርድ ወራት ልብስ አይደርቅም" አለች፤ አልቆመችም። ሸዋረገድ ይህን ለእታገኝ፣ ለመዘምራኑ ኃላፊ፣ እንዲህ ብላ ነገረቻት፤ ሶላሬን ስታይ ዓይኗ ቀልቶ ስለ ልብስ ትቀባጥራለች፣ እኔ ልብስ ላሰጣ መሰላት እንዴ፣ ብቻ ምቀኛ አታሳጣኝ። ሸዋረገድ የራሷን ልብስ የምትሰቅለው በመስኮቷ ብረት ላይ ነው። በጃል ኤል ዲብም ማዳሟ የማድረቂያ መኪና ነበራት። ሰገነት ላይ ልብስ አስጥታ አታውቅም።

ያ የቤይሩት በጋ የሸዋረገድ ነበር። ከአሥር ሰዓት እስከ ፈለገችው ድረስ ትሰፋለች፤ ፍሪጇ ይሠራል፤ አንዷ ተጨማሪ ዕቃ ደግሞ ምን እንደሆነች ተገኘች፣ የኤሌክትሪክ መቀስ። በመስከረም መጨረሻ እታገኝ መጥታ ሃያ አራት የመዘምራን ልብስ አዘዘቻት፤ ነጭ፣ ቆሞ የሚቀር ኮሌታ ያለው፣ አንገቱ ላይ መስቀል የተጠለፈበት። ይህን ልብስ በየጥቂት ዓመቱ የምትሰፋው ሸዋረገድ ናት። ዘንድሮ ግን እታገኝ አንድ ቃል ጨመረች፤ ለገና ካልደረሰ ከእንግዲህ ሥራው ወደ መስታወት እንደሚሄድ። "ኮሌታውን ማን ያስገባላታል?" አለቻት ሸዋረገድ። እታገኝም፣ ኮሌታ የሌለው አስበን እናሰፋለን አለች። ይህች መልስ ናት ሸዋረገድን እንቅልፍ የነሳቻት።

ጥቅምት ሲያልቅ መኪናው ይደክም ጀመር። መጀመሪያ አቧራ ነው አለች፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ሰሌዳዎቹን ታብሳለች። ኅዳር ሲገባ ኢንቨርተሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ እየጮኸ ይጠፋ ጀመር። ባትሪው የውሸት ነው አለች፤ ዩሱፍ መጥቶ ለክቶ ባትሪው ጤነኛ ነው አለ፣ የሚጎርሰው አጥቶ ነው እንጂ። እኔ ቤት መጥታ በሹክሹክታ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው፤ እሷ በሌለችበት መስታወት ሽቦዋን ትነካካባታለች። የገመዱ መገናኛ ሣጥን ላይ ቁልፍ አሰረችበት። ያን ሁሉ ጊዜ በግድግዳው በኩል የመስታወት መኪና ይሮጣል። ሳያቋርጥ። ቆም ቆም እያለ። ሳያቋርጥ።

ጥላውን ያላየችው ዕውር ሆና አይደለም። ጠዋት ስትወጣ የብርድ ፀሐይ ገና ከፎቆቹ ጀርባ ነው፤ ስትመለስ ደግሞ ከወዲያኛው ፎቆች ጀርባ ወርዳለች። ቀትርን በሰው ቤት ነው የምታሳልፈው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሰሌዳዎቿ በቀትር ምን እንደሚመስሉ አንድ ቀን እንኳ አላየችም።

ያየችው ታኅሣሥ ዐሥራ ስድስት ነው፣ የዚህ አገር ሰዎች ገና ዕለት። የምታጸዳላቸው ሰዎች ተራራ ወጥተዋልና እረፍት ሆነች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደወለችልኝ። "ይምጡ" ብቻ ነው ያለችው። ሊፍቱ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ አምስቱን ፎቅ በየደረጃው እየተቀመጥኩ ወጣሁ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የታንከሮቹ ጥላ ግን በሦስቱም ሰሌዳዎች ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ተዘርግቶባቸው ተኝቷል። ከጥላው ባሻገር የመስታወት ሁለቱ ሰሌዳዎች ያበራሉ። ሸዋረገድ ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ ቆማለች፤ ኖራ በእጇ ይዛለች። ፀሐይን ከጀርባዋ አድርጋ ቆመች፤ የጥላዋ ራስ ላይ ምልክት አደረግሁ። ቆጠረች። አራት ላይ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀጠለች። ዐሥር ጫማ ሞልቶ ትንሽ ተረፈ።

የገባኝ ያኔ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ። ቢቸና ላይ ፀሐይ በሰኔ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ጥላው የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ቤይሩት ላይ ግን አናት ላይ ፈጽሞ አትደርስም፤ በሰኔ ለአናት ትቀርባለች፣ በታኅሣሥ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ታልፋለች። የሁለቱ አገር የሰኔ ቁጥር በአጋጣሚ ተቀራረበ እንጂ ጥላዎቹ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነበር። መሪጌታ የጻፉት ርዝመቱን ነው፤ ወዴት እንደሚወድቅ መጻፍ አላስፈለጋቸውም፣ በአገራቸው ይህን የማያውቅ የለምና። ያን ዕለት አስፋልቱ ላይ ኖራ ይዤ የጥላውን ራስ ያየሁት እኔ ነኝ። ጂኦግራፊ የተማርኩትም እኔ ነኝ። ያረካኝ ቁጥሩ መግጠሙ ነው፤ አቅጣጫውን አላየሁም።

"አባትሽ አልተሳሳቱም" አልኳት። "ወረቀቱ የቢቸና ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ኖራዋን ይዛ ወደ ሰሌዳዎቿ ሄደች። ቀጥሎ ሌላ ነገር አሳየችኝ። ሰሌዳዎቿ አጠገብ አዲስ የኖራ መስመር አለ፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ብረት በያጅ አነጋግራለች። ሰሌዳዎቹ በነበሩበት ቦታ በቁመት ከፍ ያለ የብረት መቆሚያ ቢሠራላቸው ከታንከሮቹ ጥላ ወጥተው ፀሐይ ያገኛሉ። ነገ ከነገ ወዲያ ሊሠራ ይችላል። ለኢትዮጵያ ገና ዐሥራ ሦስት ቀን ቀርቷል፣ ከሃያ አራቱ ልብስ ያለቀው ዘጠኝ ነው።

መቆሚያው ራሱ ጥላ እንደሚጥል ለመናገር አፌን ስከፍት የኖራው መስመር የት እንደሚያልቅ አየሁ። የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው።

"ቆጥረሽዋል?" አልኳት።

"ቆጥሬዋለሁ ጋሼ።"

"ምን ያህሉን ይሸፍናል?"

"የመጀመሪያዋን ግማሽ።" ድምፅዋ ልብስ እንደምትለካ ሰው ነው። "ዩሱፍ እንዳለው አንዷ ስትታመም ሁለተኛዋም አብራ ትታመማለች። የተያያዙ ናቸው።"

የቀናተኛና የምቀኛ ድንበር በሰው ልብ ውስጥ የት እንዳለ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን በኖራ ተሰምሮ አየሁት። ለመቆጣት መብት አልነበረኝም፤ ወደዚያ የመራኋት በከፊል እኔ ነኝና። በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

መስታወት የመጣችው በዚህ መሐል ነው፣ ሳፋ ሙሉ እርጥብ አንሶላ ተሸክማ። "ቦንጁር ጋሼ፣ እንዴት ወጡት ደረጃውን?" አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ ወለሉን አየች። ሳፋዋን አስቀመጠች፤ የኖራውን መስመር ከሸዋረገድ ሰሌዳዎች ጀምራ ተረከዝዋን ከአውራ ጣቷ እያገናኘች ተከተለችው። ሰሌዳዋ ላይ ስትደርስ ቆመች። ማንም ያስረዳት አልነበረም፤ ከሃያ ዓመት ባልንጀራ የሚሰወር ነገር ጥቂት ነው።

"ያኒ፣ ማለት ጥላሽ እዚህ ድረስ ሊመጣብኝ ነው?"

"ገና አልተሠራም" አለች ሸዋረገድ።

"ተቆጥሯል ግን።"

"ተቆጥሯል።"

መስታወት አንድ አንሶላ አንስታ ጨመቀችና ገመዱ ላይ ጣለችው። ጀርባዋን እንደሰጠችን ተናገረች። "እዚያ ጋ ልብስ አይደርቅም ብዬሽ ነበር። ኸላስ፣ ምቀኛ አልሽኝ። እታገኝ ሳትቀር ነግራኛለች።"

"ልብስ አልሽ እንጂ ፀሐይ አላልሽም።"

"ልብሱን ታዲያ ማን የሚያደርቀው መሰለሽ፣ ኢሽቲራክ?"

እኔ ሳቅሁ፤ ማንም አልተከተለኝም። መስታወት በዚህ ሰገነት ላይ ዘጠኝ ክረምትና በጋ ልብስ አስጥታለች። በታኅሣሥ የትኛው ገመድ ላይ ያለ አንሶላ በአንድ ቀን እንደሚደርቅ፣ የትኛው ላይ ያለው ሦስት ቀን እንደሚሸት በእጇ ታውቃለች። ሰሌዳዎቿን ከክፍሏ ርቃ፣ ገመድ አርዝማ እዚያ ጥግ የተከለችው በዚህ ዕውቀት ነው። ወረቀትም ቁጥርም አላስፈለጋት። እኔ ከመሪጌታው ጽሑፍ ጋር ስመጻደቅ የቤይሩት የጥላ መጽሐፍ ያለው በልብስ አጣቢዋ እጅ ነበር፤ ለመጠየቅ ግን አላሰብንም።

"ሰሌዳዎቼን ወደ ምሥራቅ ጥግ ብገፋቸው ያንቺ ሦስቱ ከጎኔ ይገባሉ" አለች መስታወት። "ጥላ የማይደርስበት ነው። ለክቼዋለሁ።"

"መቼ ለካሽው?"

"አንቺ የተከልሽ ዕለት።"

ሸዋረገድ ኖራውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ታዲያ እስከ ዛሬ ምን አስቻለሽ? መኪናዬ ሲሞት ትሰሚያለሽ አይደል?"

"እሰማለሁ። እስክትለምኚኝ ነበር የምጠብቀው።"

አየሁት፣ መስታወትም ለካ ንጹሕ አልነበረችም። ግድግዳው ከሁለቱም ወገን ነው የሚያሰማው። በዚያ በኩል የሌላዋ መኪና ሲደክም እያዳመጠች፣ ለጥያቄው መልስ አዘጋጅታ አምስት ወር የተቀመጠች ሴት ናት።

"እሺ። ለመንኩሽ" አለች ሸዋረገድ። ቃሉ ከአፏ የወጣው እንደ እሾህ ነው።

"በባዶ አይደለም። ኮሌታውን ታሳዪኛለሽ።" መስታወት አሁን ዞራ ነበር። "ወንበርሽን አዙረሽ። ፊትሽን ወደኔ አድርገሽ። ስምንት ዓመት ሙሉ እጅጌና ጠርዝ አሰፋሽኝ፤ አንገት ላይ ስትደርሺ ጀርባሽን ነው የማየው። ጀርባሽን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

የዚያን ጊዜ ነው የወንበሩ ነገር የገባኝ። ሸዋረገድ ዓይኗን ሰሌዳዎቿ ላይ ጣለች፤ የታንከሩ ጥላ በዚያ መሐል አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሏል። መስታወት መብራት ሲኖራት፣ ሶላር ሲሰጣት፣ ደንበኛ ሲሄድላት፣ ሸዋረገድ አንድ ነገር ብቻዋን ይዛ ቆይታ ነበር። ኮሌታ። ከማዳሟ ያገኘችው፣ ማንም የማያውቀው፣ ሌላዋ የሌላት ነገር እሱ ብቻ ነው።

"ቋሚውን ኮሌታ ብቻ ነው ወይስ ተጋዳሚውንም?" አለች በመጨረሻ።

"ሁለቱንም።"

"ተጋዳሚው ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።"

"ሁለቱንም አልኩሽ።"

ሸዋረገድ ጎንበስ ብላ የኖራውን መስመር በእግሯ መዳፍ አሸችው። ሁሉም አልጠፋም፤ ጥግ ጥጉ ላይ ቀርቷል። "ያላ" አለች፤ "አንሶላውን ስጪኝ፣ ጫፉን ልያዝልሽ።"

በማግስቱ ዩሱፍ መጣ። ብሎኖቹን ሲፈታ፣ ማን ነው እዚያ ያስተከለሽ ብሎ ጠየቃት፤ አንተ ነህ አለችው። እስከ ቀትር የመስታወት ሁለቱ ሰሌዳዎች ወደ ምሥራቅ ጥግ ተገፉ፣ የሸዋረገድ ሦስቱ ከጎናቸው ቆሙ። ገመዱ ስላጠረ አስቀጠለችው፤ ባዶው ሜዳም ባዶ ሆኖ ቀረ። ኢንቨርተሩ ላይ ቁጥሩ ሲወጣ ያየች ጊዜ ሸዋረገድ ግድግዳውን አንድ ጊዜ በጣቷ መታችው፣ መስታወትም ከማዶ መታችላት። ሰላምታ ይሁን ፉክክር አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቀን ካልሠሩ ሁለቱም በየራሳቸው ኢንቨርተር ላይ ያለውን ቁጥር በግድግዳው በኩል ሲጠያየቁ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ጨምረው ነው የሚናገሩት።

የኮሌታው ትምህርት ሦስት ቀን ወሰደ። አንዱን ቀን ካፖርቴን ሰበብ አድርጌ ሄጄ አይቻለሁ። ሸዋረገድ ወንበሯን አዙራ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ግን ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ነው። ታሳያለች፣ ደግማ ታሳያለች፣ መስታወት ስትሳሳት ፊቷ ይፈካል፣ ስታገኘው ይጨልማል። አንድ ጊዜ፣ ጠርዙን ከማዞር በፊት በትንሹ መሰንጠቅ እንዳለበት ሳትናገር ልታልፍ፣ መቀሱን አንስታ መልሳ ስታስቀምጥ ያዝኳት፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እዚህ ጋ በመቀስ ጫፍ ትነኪዋለሽ፣ ካልነካሽው ይጨማደዳል" አለች። በአባቷ ወረቀት ጀርባም አዲስ ሰንጠረዥ ጀምራለች። የመጀመሪያው መስመር "ሺያህ፣ ታኅሣሥ፣ ዐሥር ጫማ፣ ወደ ሰሜን" ይላል። አቅጣጫውን መጻፏን አስተዋልኩ።

ሃያ አራቱም ልብስ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው አለቀ። ሰባቱን የሰፋችው መስታወት ናት፣ ከነኮሌታቸው።

የገና ዕለት ጠዋት መዘምራኑ ሲቆሙ ሸዋረገድ ከእኔ አጠገብ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። መስታወት ከፊት ናት፣ ከእታገኝ ጎን። ነጩ ልብስ አምሮባቸዋል፤ እኔ የአንዱን አንገት ከሌላው መለየት አልቻልኩም። ሸዋረገድ ግን መዝሙሩን የምትሰማ አይመስልም። ዓይኗ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተተክሏል።

"ከግራ አራተኛዋ" አለችኝ በሹክሹክታ። "የእሷ ስፌት ነው።"

መነጽሬን አስተካክዬ አየሁ። ኮሌታው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መስቀሉ በልኩ መሐል ላይ ነው።

"ምን ጉድለት አለው?" አልኳት።

"ምንም የለውም" አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል። "እሱን እኮ ነው የማየው።"